ቆጣሪው

ዕቁቡ ደረሰን በመጨረሻው ዕጣ፣
ባጃጇም ተሸጠች፤
ገንዘቡ ባንክ ገባ፣ እንቅልፋችን ወጣ።

የብርቄ ታናሽ ወንድም፣ ምትኩ፣ ከዱባይ
በስልኳ ፎቶ ላከ፤ ነጭ መኪና፣ ደመና በሌለው ሰማይ
ሥር የቆመች፣ እጅ እንዳልነካው ስኳር የምታበራ።
«የዶክተር ናት» አለ፤ «ሴት ናት፤ ከቤት ወደ ሥራ፣
ከሥራ ወደ ቤት እንጂ ሌላ መንገድ አታውቅም።
ሠላሳ ሁለት ሺህ ብቻ ነው የሄደች፤ በዚህ ዋጋ ብዙ አትጠብቅም።
ጅቡቲ ትወርዳለች፤ ሞጆ ላይ ቀረጥ አለ…»
ኔትወርኩ ይሁን እሱ፣ አንዳቸው ቁጥሩን ዘለለ።

ብርቄ ግን ተሳፍራለች። እዚያው ፎቶው ውስጥ
ሶደሬ ደርሳ መጥታለች፣ መስታወት ዝቅ አድርጋ፣ ፀጉሯን ለንፋስ ስትሰጥ።

እኔ በማግስቱ ሄድኩ፣ ወደ ወንጂ መውጫ፣
ጋሽ ድሪባ ግቢ፤ የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ ግራር፣
የጎማ ክምር፣ ለድመት መተኛ፣ ለልጆች መሯሯጫ።
መኪኖቹ ታጥበው ተሰልፈዋል ፀሐይ ላይ፤
አባቴ በሕይወት ቢኖር፣ ጥርሳቸውን ፈልቅቆ ነበር የሚያይ።
በሬ ሲገዛ ሸሆናውን ነክቶ፣ ጭራውን ስቦ ነበር።
እኔም ኮፈን አስከፈትኩ፤ የዘይቱን ዘንግ መዝዤ አሸተትኩት፣
ምን እንደሚሸት የማውቅ ይመስል፣ ራሴን ነቀነቅኩት።

«ይቺ የዶክተር ነበረች» አለ ጋሽ ድሪባ።
(ይህን ያህል ዶክተር ሞልቶ፣
ሐኪም ቤት ደጅ ለምን ያድራል በሽተኛ፣ ተራው ሳይገባ?)
ቆጣሪው ሰማንያ ሺህ ይላል። ዞርኩ ወደ ኋላ በር።
ከእጀታው ሥር፣ መዳፍ የምታህል ስርጉድ ነበር።

እግሬ ተያዘ።
ያቺን ስርጉድ አውቃታለሁ። የኔ ናት።
የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ፖስታ ቤት ፊት፣ ፍሬን ከድቶኝ
በባጃጄ አፍንጫ የወጋኋት።
መምህር ዘርፉ ወረዱ፤ በሩን አዩ፣ እኔን አዩ፤
ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥም አዩ መሰለኝ።
«በል ሂድ፣ ልጆች ይጠብቁሃል» ብለውኝ ተለዩ።

ሰማንያ ሺህ! አሥራ ሦስት ዓመት ጧት ጧት ወንጂ ሄዳ፣
የሸንኮራ ካሚዮን ተከትላ፣ ማታ አቧራ ለብሳ እንደ እንግዳ
ስትመለስ አይቻለሁ።
አንድ ሰው በቀጭን መፍቻ ዓመቶቹን ወደ ኋላ አዞረ፤
መምህሩ ካረፉ ሁለት ክረምት ሆነ፤
የሳቸው ቆጣሪ ግን የቆመበት ላይ ቀረ።

እንግዲህ ውሸት ከውሸት ማማረጥ ነው ጣጣው፤
አንዱ ባሕር ተሻግሮ፣ አንዱ ከጎረቤት የመጣው።
የነጯን ማን ይፈታልኛል? በማን አገር፣ ማንን ገጭታ፣
በየትኛው ጋራዥ ተቆርጣ ተቀጥላ ነው እንዲህ ያበራችው ነጥታ?
የዚችን አውቃለሁ። ውሸቷን እንኳ በኪሎሜትር።

«ለዚች ስርጉድ» አለ ጋሽ ድሪባ፣ «አሥር ሺህ ልቀንስ።»
«ተዋት» አልኩት።
አየኝ፣ እንደ እብድ፣ ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ ድረስ።

ማታ ብርቄ ገባች፤ ተቀመጠች፤ ዝም አለች።
የዳሽቦርዱን ኪስ ከፈተች፣ ጥፍር የምታህል ጠመኔ አገኘች።
አንድ መስመር አሰመረች፤ በአውራ ጣቷ አጠፋች።
«እሺ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ነጯ መኪና ግን ስልኳ ውስጥ ናት፤
እስከ ዛሬ አልሰረዘቻትም።
ሌሊት፣ የተኛሁ ሲመስላት፣ ትከፍታታለች፤ ጣራችን ይነጣል።
እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እጠብቃለሁ፣
ከሶደሬ እስክትመለስ።