ከአራት በኋላ

ጭንብሉ «እንጆሪ ይሸታል» ብለዋት
አፍንጫዋን ሰጠች። «ቁጠሪ» ሲሏት
በአማርኛ ጀመረች፣ ነርሷ ባይገባት፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት —
እዚያ ላይ ተቋረጠ።
«አባት፣ በዚህ በኩል» ብለው አስወጡኝ፣
እጄ ቡት ጫማዋን እንደጨበጠ።

ከግድግዳው ወዲያ ማሽኑ ሲቀጠቅጥ
ጋራዣችን መሰለኝ፤ ጆሮዬስ አይደነግጥ፣
እጄ ነው እንጂ የካፖርቷን ዚፕ የሚከፍት፣ የሚዘጋ፣
ዐርባ ደቂቃ ሙሉ፣ ያለ ዋጋ።

ስትነቃ ሌላ ልጅ ነቃች።
ወረቀቱ «ትነጫነጭ ይሆናል» ይላል፤
መነጫነጭስ ደግ ነበር። ጮኸች፣ ቧጠጠች፣
«አባቴን ጥሩልኝ!» አለች፣
እኔኑ እያየች።
ሁለት ሆኜ ታየኋት መሰለኝ፤ እጇን ዘርግታ
ከሁለቱ መሃል፣ ባዶውን ጨበጠች።
«ያልፋል» አለችኝ ነርሷ፣ «ነገ አታስታውሰውም።»
እሷስ አታስታውሰው።
እኔን ማን አደነዘዘኝ?

«መኪና ውስጥ አንገቷ ወደ ፊት እንዳይወድቅ»
ይላል ሁለተኛው አንቀጽ።
ሰናይት ነዳች። እኔ ከኋላ፣ አገጯ በመዳፌ፣
የፖርቴጅን ጎዳና መብራት በመብራት፣
ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፣
በረዶ ጠራጊው ከፊታችን እየተጎተተ፣
ትንፋሿ ብቻ እጄ ላይ እየሞቀ።
ሞተር ያነሳሁበት ክንድ
በአንዲት አገጭ ዛለ፣ ተንቀጠቀጠ፤
አላወረድኩትም።

ቤት ስንገባ እግሯ እንደ አራስ ጥጃ ተጠላለፈ።
ደረጃው ሥር ቁጭ ብላ
«ቤቱ ይዞራል፣ አባ፣ አቁመው» አለችኝ።
ቤቱን እንዴት አቆመዋለሁ? እሷን ያዝኳት።
ሩዙን ተፋችው። ውሃውንም።
ከዚያ ሳቀች፣ በምን እንደሆነ ሳይታወቅ፤
ሳቋ ከለቅሶዋ ይልቅ አስፈራኝ።

ውጤቱ «በሳምንት ውስጥ» ነው። ስለ እሱ አናወራም።
የምናወራው ስለ እጇ ፕላስተር ነው፣
ድቡ የቱ ጋ እንደተላጠ፣
ሳይቆነጥጣት እንዴት እንደምናነሳው።

ሌሊት ደረቷን ቆጠርኩ፣ ከፍ፣ ዝቅ፣
ሦስት መቶ ላይ ጠፋብኝ፤ ከአንድ ጀመርኩ።
ስንት ማታ «ተኚልኝ» እያልኩ የለመንኳት ልጅ ናት!
እንቅልፍን ሰው የማን ታናሽ ወንድም እንደሚለው አውቃለሁ፤
ያን ሌሊት በስሙ አልጠራሁትም።

ጠዋት፣ የአጃ ገንፎዋ ፊት፣
ማንኪያዋን ቀስራ፣ ግድግዳውን አፍጥጣ አየችና
«አምስት» አለች።
ሰናይት ሳህን እንደያዘች ቀረች።
«ስድስት» አለች ወለላ፣ «ሰባት፣ ዘጠኝ» —
ስምንትን ድሮም ትዘላለች።
አላረምናትም።
ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቶ ነበር፤
ገንፎው እስኪያልቅ ማንም አላነሳውም።