ግማሽ ሰልባትዮ

እቴነሽ ሞተሯን እየገፋች መጣች፣
ከጓሳ ዳገት ላይ የሚያግዛት አጣች።
የክትባቱ ሳጥን ከኋላ ታስሮ
በረዶው ያነባል ከጠዋት ጀምሮ።
መቶ ሃያ በጎች በረት ተሰብስበው፣
ባለቤቶቻቸው ባና ተከናንበው
ሲጠብቋት ውለው ተበተኑ አሉ፣
«የመንግሥት ቀጠሮ!» እየተባባሉ።

እኔም መፍቻ ይዤ ከሥሩ ተኛሁ፣
ካንዴላውን ነቅዬ በብርሃን አየሁ።
እሳቱስ ደህና ነው፣ ብልጭ ይላል ቶሎ፤
ፒስተኑም ይገፋል መዳፌን አይሎ።
ካርቡሬተሩን ግን ከፍቼ ባይ ውስጡን
አረንጓዴ ዝገት ወርሶታል ናሱን፤
የቤንዚኑ ጎማ አብጦ ለስልሶ
እንደ ራሰ ዳቦ ወደቀ ተቆርሶ።

«አየሽ!» አልኋት ጮኼ፣ «የጌጡ ሥራ ነው፣
ውኃ ነው 'ሚሸጠን ሀይላንድ እየሞላው!»
ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን አውርቻለሁ፤
በገበያ መሀል፣ በለቅሶ፣ በዕድር፣ ሌባ ብዬዋለሁ፤
ልጁ ሲሞሸር እንኳ ሳልሄድ ቀርቻለሁ።

ለማስረጃ ብዬ ቀዳሁት በጠርሙስ፣
መስኮት ላይ አኖርሁት ለፖሊስ እስኪደርስ።
ማታ ሳየው ታዲያ ለሁለት ተከፍሏል፦
ከላይ ቢጫው ቤንዚን ጠጅ መስሎ ተኝቷል፣
ከሥሩ ሌላ ነገር ጠርቶ ተቀምጧል።

እትዬ የሺመቤት፣ አረቄ አውጪዋ፣
ከግድግዳዬ ማዶ የሚጨስ ጓዳዋ፣
ክብሪት አጥታ ገባች፣ ጠርሙሱን አነሣች፣
ማንንም ሳትጠይቅ አሸተተች፣ ሳቀች፤
«ይሄ ከሥር ያለው ዘመዴ ነው» አለች።

«ሽታው ቢዳከምም አልስተውም ፈጽሞ፣
ውኃ ጠጥቶ ነው የሰነፈ ደክሞ።
ስኳር ፋብሪካ ነው ከሸንኮራው ያወጣው፣
ኢታኖል ይሉታል፤ ሬድዮ ነው ያወራው፤
ከቤንዚን ቀላቅለው ለመኪና ያጠጡታል።
ስሙን ቢያሳምሩት ጠባዩ የት ይሄዳል?
አረቄ አረቄ ነው! አፉን ክፍት ከተውከው
አየሩ ላይ ያለው እርጥበት ነው 'ሚያምረው።
እኔ ጠርሙሶቼን በሰም የምደፍነው
ሌባ ፈርቼ አይደል፣ ጉሙን ነው 'ምፈራው።»

ወደ እቴነሽ ዞርሁ፦ «የት ነበር የከረመ?»
«ዕቃ ቤት ነዋ፣ ሐምሌም ነሐሴም እዚያው ቆመ፤
ግማሽ ሰልባትዮ። በጀት ተዘግቶ ነው።
ክዳኑም ላሽቋል፣ በጨርቅ ነው ያሰርነው።»

የመንዝ ጉም እንግዲህ መቼ በር ያንኳኳል፤
በቁልፍ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል፣
ባናውን ያርሳል፣ ጨው ያቀልጣል፣
ባዶ ቦታ ካየ እዚያ ይተኛል።
ከዚያ ግማሽ ባዶ ሆድ ውስጥ ገብቶ ተኛ፣
አረቄውም ጠጣው እንደ ጠማው መንገደኛ፤
ጠጥቶ ሲጠግብ ከቤንዚኑ ተጣላ፣
ወደ ሥር ወረደ፣ ሆነ ለብቻው ሌላ።
ሞተር ደግሞ የሚጠጣው ከታች ነው፣ ከሥሩ፤
ዳገቱ ላይ ደርሶ ዝም አለ ማጓሩ።

ጌጡ ውኃ አልጨመረም።
ውኃው የኛው ነበር።

ሌሊቱን ጂግለሩን ስወጋ በሽቦ፣
አዲስ ጎማ ስገጥም፣ ጣቴ ተለብልቦ፣
የጌጡ ፊት መጣ፣ ቆመ ከፊቴ ቀርቦ።
ሲነጋ ሄድሁ ሱቁ። ይመዝናል ምስማር።
«ጌጡ» አልሁት፤ ከዚያ ወዲያ ጠፋኝ የምናገር።
ጠርሙሱን አስቀመጥሁ ከሚዛኑ ጎን፣
በጣቴ አሳየሁት መሀሉን፣ መስመሩን፤
የሺመቤት ያለችውን ነገርሁት እንዳለ፣
ጆሮዬ እስኪግል ድረስ፣ አንድ ቃል ሳልጥል።

አንዴ ጠርሙሱን አየ፣ አንዴ እኔን አየ፣
ምስማሩን ሲመልስ እጁ ዘገየ።
«ስንት ሊትር?» አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣው።
«ሙላው» አልሁት፣ «እስከ አንገቱ፣ ጉም እንዳያገኘው።»
ቀዳልኝ። መልሴን ሰጠኝ ቆጥሮ፣
እንደ ማንም ገዢ፣ ሳንቲሙን ደርድሮ።

በር ላይ ልጁ ቆሟል፣ ያ የተሞሸረው ልጁ፤
ሳልጠይቀው ጀሪካኑን ተቀበለኝ በእጁ።
እቴነሽ ከመንገድ ማዶ ሳጥኗን እያሰረች ነው፤
ከጓሳ በኩል ጉሙ እየወረደ ነው።