ሳይቀመስ

ለገጣፎ ዳር ላይ፣ ኮብልስቶን ካለቀ፣
ጭቃው ከጀመረ፣ ታክሲውም ከራቀ፣
አንድ ቤት ነበረ ሁለት ባሕር ያለው፤
እሷ የሴቡ ልጅ፣ እሱ የኦሳካ ሰው።

ሉዝና ኬንጂ ናቸው፤ ወጥ ቤታቸው እኔ፣
እንኳን አፌ ሊገባ፣ አሳማ ያልዞረ በዓይኔ።

የመጀመሪያ ቀን እጄን አምስቴ ታጠብኩ።
ቆዳ፣ ስብ፣ ቀይ ሥጋ፣ ደግሞ ስብ፤
እንደ ጥለት ተደራርቦ፣
ማማሩ አናደደኝ።
እሑድ ለአባ ተክለሚካኤል ሄጄ ተናዘዝኩ።
ዝም ብለው ቆዩና
"የልጅሽ የትምህርት ቤት ክፍያ ስንት ነው?" አሉኝ።
ነገርኳቸው።
"መንካት ሌላ፣ መብላት ሌላ" አሉኝ።

እሷ "ኮምጣጤ!" ትላለች፣ "ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ!"
እሱ "ስኳር" ይላል፣ "ዝንጅብል፣ ሶያ ሶስ"፤
በእንግሊዝኛ ተጣልተው፣ በየቋንቋቸው ያጉረመርማሉ፣
በእናት በእናታቸው ድስት ይማማላሉ።
እኔ ሁለቱንም ጨምሬ፣ ክዳኑን ገጥሜ፣
ጎማውን አጥብቄ፣ እጠብቃለሁ ቆሜ።

ፕሬሸር የዕድር ዳኛ ነው፣ ለማንም አያዳላ፤
ከሳሽና ተከሳሽን ዘግቶ፣ ያፏጫል በኋላ።
መጀመሪያ ያፏጨ ዕለት ዘበኛው ኦብሳ
"ቆጣሪው ፈነዳ!" ብሎ ሮጠ፣ ጫማውን እንኳ ሳያነሣ።
መብራትም ይሄዳል፣ ሰዓቱን ጠብቆ፤
ድስቱ ግን ይበስላል፣ በያዘው እልህ፣ ትንፋሹን አምቆ።

ሲከፈት እንቁላል እከታለሁ፣ የተላጠ፣ ነጭ።
ያኔ ብቻ፣ ለአንድ አፍታ፣ ዶሮ ወጥ ይመስለኛል፤
ምራቄ ይመጣል፣
ፊቴን አዞራለሁ።

ጨውስ?
ጨው አልቀምስም። በአፍንጫ ነው የምለካው፣
በእንፋሎቱ ክብደት፣ በማንኪያዬ ልማድ።
ኬንጂ መዳፎቹን ገጥሞ አንገቱን ይደፋል፤
ሉዝ መረቁን ሩዟ ላይ ታፈስሳለች።
"ጥሩ ነው፣ ወርቂቱ" ይሉኛል። ምንም አይተርፍም።
ውሃ ግን ይጠጣሉ። ብዙ ውሃ። ጆግ ሙሉ።
እላለሁ በሆዴ፦ ባሕር ዳር ነው ያደጉት፣ ውሃ ይወዳሉ።

ኮንትራቱ አለቀ፤ ሄዱ። ድስቱን ለእኔ ተዉት፣
ከሁለት ጠርሙስ ሶስ ጋር፣ በጋዜጣ ጠቅልለው።

ሁዳዴ ሲፈታ፣ ለገዳዲ፣ በቆርቆሮ ቤቴ፣
የበግ ጎድን ገዛሁ፤ ያው ስኳር፣ ያው ኮምጣጤ፣
ያችው ማንኪያ፣ ያው እጅ።
ሲያፏጭ ጎረቤት ወጣ። ልጄ ያፌት ሳቀ።
አራት ዓመት የሠራሁትን
ያን ቀን በአፌ አገኘሁት።

ጨው።
ጨው፣ ጨው፣ ምላስ የሚልጥ።
ያፌት ጉርሻውን ይዞ አየኝ፤
መዋጥ አቃተው፣ መትፋት ፈራኝ።

አራት ዓመት። ስንት ቅዳሜ?
በኮምጣጤ ያልተስማሙ፣ በስኳር ያልተስማሙ፣
በዚህ ብቻ ተስማምተው
ዝም አሉልኝ።

ጆጉን አነሣሁ።
እኔም እንደነሱ ብዙ ውሃ ጠጣሁ።