ኖራ

ወረቀቱ አጭር ነው፣ ማኅተም አርፎበታል፤
«የምዕራቡ ግድግዳ ይለሰን» ይለኛል።
ስለ ፊደሎቹ አንድም ቃል አልጻፈም፤
«እርጥበት አለው» አለ እንጂ «ይጥፉ» አይልም።

ኑግዛር እባላለሁ፣ የግንበኛ ልጅ ነኝ፤
ከሶሎላኪ ዳገት ያልለሰንሁት ቤት የለኝ።
ትብሊሲ ስትሰነጠቅ እኔን ነው የምትጠራ፤
የማን ናት ብዬ አልጠይቅ፣ የእኔ ነገር ሥራ።

ይህች ቤተ ክርስቲያን በሯ ከተዘጋ
ሠላሳ ክረምት ሆናት፣ ሠላሳ በጋ።
አርመኑ «የእኔ ናት»፣ ጆርጂያዊው «የእኔ ናት»፣
ጉልላቷ ላይ በቅሎ በለስ ወረሳት።
ኮሚሽን መጣ፣ ለካ፤ ኮሚሽን ሄደ፤
ዝናቡ ሳይፈርም ገባ፣ ግንቧን ናደ።

ከቫርቱሽ ጋር ግቢያችን አንድ ነው፣ ቧንቧውም፤
ሚስቴ ያረፈች ለታ ከአጠገቤ አልራቀችም።
ስታለቅስ በአርመንኛ፣ ስታጽናናኝ በእኛ፤
ሞት ምን ቸገረው፣ የቋንቋ የለው ዳኛ።
ደግሞ እንጣላለን፣ ወይን ያመሸን ለታ፤
«የማን ፊደል ቀደመ?» ስንባባል ሙሉ ማታ።

መሰላሉ ሥር መጣች፣ ባልዲዬን ስሰቅል።

ብትጮህ መልስ ነበረኝ፣ ሌሊት የሸመደድሁት፦
«ሎሪ ያለው ደብራችንስ? እሱን የማን አላችሁት?»
አልጮኸችም። መነጽሯን በቀሚሷ ጠረገች፤
አንገቷን ቀና አድርጋ ማንበብ ጀመረች።
ስድሳ ዓመት ሳልፍ ሳገድም ያየሁት
የመንጠቆ ሰልፍ፣ የቁልፍ ጥርስ ያልሁት
ያ ጠማማ መስመር፣ ከአፏ ሲወጣ
ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሰው ሆኖ መጣ፦

«እኔ ቆዳ ፋቂው መሊክሰት፣ ከሚስቴ ከኽናር ጋር፣
ይህችን አንዲት ድንጋይ ሰጠን፤ ሌላ የለን ነገር።
አምስት ልጅ ቀብረናል። ያለፈ፣ ያነበበ፣
አንድ ጊዜ ‹ማራቸው› ይበለን፣ ካሰበ።»

ይኸው ነው። ንጉሥ የለም። ድንበርም፣ ጦርም የለም።
ይህን ያህል ዘመን የተጣላንበት ጽሑፍ ለካ
የአንድ ሽታው የማይለቅ ሰው ልመና ኖሯል።
እሱ ቆዳ ፋቂ፤ እኔ ስም ፋቂ።
ማናችን እንደምንከረፋ፣ ቫርቱሽዬ፣ አትጠይቂ።

አልጠየቀችም። ጠየቀች ሌላ፦
«ኖራህ ስንት ዓመት ይይዛል?»
«በደንብ ከቦካ፣ መቶ።»
«ካልቦካስ?»
ዝም አልሁ። እሷም መቋሚያዋን ይዛ ወደ ቤት ገባች።

ለሰንሁት። ጀግና አይደለሁም፤ የልጅ ልጅ አስተምራለሁ።
አሸዋው በዝቶ ይሆን? ውሃው አንሶ? እኔ ምን አውቃለሁ።
እጅ ያረጃል፤ ዓይን ይደክማል፤ ባልዲ ይሳሳታል።
የቢሮው ሰው መጥቶ ፎቶ አነሣ፤ «ግሩም ነው» ብሎኛል።

ቫርቱሽ በጥር ሞተች፣ ሰማንያ ዓመት ኖራ፤
ግንቡም እዚያው ቆሟል፣ ለብሶ የእኔን ኖራ።
በቀብሯ ከኋላ ቆምሁ። ወንድሟ አየኝ፣ ዞረ።
እጄን ከኪሴ አላወጣሁም፤ ጥፍሬ ሥር ነጭ ነበረ።

በሦስተኛው ጸደይ ልስኑ አበጠ፤
አንድ መንጠቆ ብቅ አለ፣ ሌላውም አፈጠጠ።
ማንበብ አላውቅም፤ የሚለውን ግን ሰምቻለሁ፤
በራሴ ቋንቋ «ማራቸው» ብዬ፣ ዳቦዬን ይዤ አልፋለሁ።

ትናንት ሌላ ወረቀት መጣ፤ ያው ማኅተም፣ ያው ቢሮ።
«በሲሚንቶ» ይላል ዘንድሮ።
በደረት ኪሴ አለ፣ ታጥፎ፣ ላብ አርሶት፤
መሰላሉ ከግቢው ነው። አላነሣሁት።