ለአቶ አንሙት ይስማው፣ ባሕር ዳር

ሰኞ ጠዋት መጣ፣ አንድ ጆንያ ሙሉ፣
ለአንድ ሰው ነው የተላከው፣ ካርዱ ሁሉ።
ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ መስኮት ስሠራ፣
የሠርግ ጥሪ አይቻለሁ፣ የመርዶ፣ የአደራ፣
የባንክ ዕዳ፣ የፍቺ ክስ፤
እንዲህ ያለ ግን አላየሁ፣ ጡረታዬ እስኪደርስ።

አንዱ ላይ በረዶ፣ አንዱ ላይ ድልድይ፣ አንዱ ላይ ድመት፣
ከጀርባው የማላውቀው ቋንቋ፣ የልጅ ሥዕል ያለበት።
የስሙ ነገር ግን አይነሣ፤
ፊደሉ ባሕር ሲሻገር፣ ግማሹ ሰጠመ፣ ግማሹ ሳሳ፤
«አነሙት» ብሎታል አንዱ፣ «አንማታ» ሌላው፣
«ይዝማ» ሆኖ ቀርቷል፣ ይስማው የሚባለው።

እኔ ግን አውቀዋለሁ። የሽምብጥ ልጅ ነው፣
ታንኳ ሠሪው ይስማው ነው የወለደው።
ሌሊት ሰው ሲወሰድ፣ ማለዳ የሚመጣ፣
«ስሙ ማን ነው? በስንት ሰዓት፣ በየት በር ወጣ?»
ብሎ ጠይቆ፣ በደብተር የሚያሰፍረው፤
ስም እየጻፈ ነው፣ እሱም የታሰረው።
የሱን ስም ደግሞ፣ አሁን፣ ባዕድ ጻፈው።

አለቃዬ ጆንያውን አየና፣ ማኅተም ሰጠኝ፤
«ተቀባዩ አልተገኘም» የሚል። «ምታና መልስ» አለኝ።
አልተገኘም!
እኅቱ ስንዱ በየቀኑ፣ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ፣
በዚህ መስኮት ታልፋለች፣ በተቀደደ ጥላ፤
በእግሯ ሄዳ የምታገኘውን ሰው፣
ሞተር ያለው ፖስታ ቤት እንዴት አጣው?

ማኅተሙን ጨመርኩት መሳቢያ፣
ስንዱን ጠርቼ ዘረገፍኩላት ጆንያ።
«አንማታ? ይሁን፣ እሱም ደግ ነው» ብላ
ሳቀች፣ ከታሰረ ወዲህ መጀመሪያ።

ከዚያ ዝም አለች። ካርዱን ገለበጠች።
«እናቴ ሦስት ቀብራ ነው፣ ይኼን አንሙት ያለች።
ይህች ሴትዮ፣ በዚያ ብርድ፣ ምን ታውቅና ነው፣
አንሙት፣ ይስማው፣ ብላ የጻፈችው?»

እኔም አንድ ካርድ አነሣሁ፣ በጣቴ አጠፍኩት፤
ምን ይከብዳል ይኼ? ምን ሊያደርግ ነው? አልኩት።
«ደንገልም» አለች፣ የታንኳ ሠሪው ልጅ፣ «ብቻዋን ስታያት
ድመት አትሸከምም፤
ታንኳ የምትሆነው፣ ሲያስሯት ነው፣ ሲያስሯት።»

ከዚያን ቀን ወዲህ፣ በቀን አንድ ስም ታጠናለች፤
አጥሩ ሥር ቆማ ትጮኻለች፦
«ሄልጋ ሰላም ብላሃለች!
ኬንጂ ፈተናውን አለፈ!»
ጠባቂው ቀረበ። «ሄልጋ ማን ናት?»
«የአክስት ልጅ።»
«ኬንጂስ?»
«እሱም የአክስት ልጅ።»
«ስንት አክስት ነው ያላችሁ!» አለ፣ ጠመንጃውን በሌላ ትከሻው እያዞረ፤
ማታ ግን ለጓዱ፣ «ሰው አለው ሰውዬው» ብሎት ነበረ።

አልተፈታም። ሐይቁ ላይ ጭጋግ አለ፤ ሰኞ ነው።
ሁለተኛ ጆንያ መጣ፣ ከበፊቱም ከበድ ያለው።
«ማኅተሙስ?» ይላል አለቃዬ።
«ቀለም ደርቆበታል፣ ጌታዬ።»