ሰሙ ከሥር

ሎንግተን ይዘንባል። የጡብ ምድጃዎቿ ጠርሙስ መስለው ቆመው፣
ጢሱን ከተዉ ቆዩ፤ ርግብ ነው የሚያድር ዛሬ በአንገታቸው።

ሚስተር ዋድል መጣ፣ በፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደ ጨቅላ አቅፎ፣
ገለጠው በዝግታ፣ በሁለት እጆቹ ጠርዙን ደግፎ።
ሦስት ክንድ ያለው የፖርሴሊን መቅረዝ፤
ከግንዱ ሥር ልጅ፣ ሽርጧን አበባ ሞልታ፣
ከንፈሯ ከምስር ፍሬ ያነሰ፤
አመልካች ጣቷ ግን የለችም፤ ካንዱ ቤት ምንጣፍ ሥር ቀርታ።

«የቪክቶሪያ ዘመን ነው» አለ፣ «መቶ ሃምሳ ዓመቱ፤
ጣት ስጪያት ሄቲ፤ ጽዋዎቹን ፋቂ፤ ከፍ ይላል ግምቱ።»

ሄቲ ክሎውስ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፤
ከጣቷ በፊት ቀሚሷን አየች።
«ይሄን ዳንቴል ታያለህ?» አለችኝ፣ እኔን፣ ተለማማጇን።
«እውነተኛ ክር ነበር፤ በቀጭን ጭቃ ነክረው አለበሷት፤
ክሩን እሳት በላው።
ጭቃው ግን የክሩን መንገድ አልረሳው።»

ገለበጥናት። ከሥሯ በሰማያዊ ቀለም «አሥራ ሰባት» ይላል፤
የቀቢዋ ቁጥር። ስም ለፋብሪካው ነው፤ ለእጅ ቁጥር ይበቃል።
አሥራ ሰባት ሆይ፣ ስንት ጽጌረዳ በቀን ጨረስሽ?
ይህን ቅንድብ በሦስት ፀጉር ብሩሽ ስትስዪ
ትንፋሽሽን የት አስቀመጥሽ?

የመሐሉን ጽዋ በቀርከሃ ስንጥር ፋቅ አደረግሁ፣ ወርቁን ሳልነካ።
ሰም ወጣ፤ ቢጫ፣ የደረቀ፤ መሐሉ ላይ የከሰለ ፈትል፤ ለካ
በርቶ ያውቃል ይህ ነገር!
ለዓይን ብቻ የተሠራ፣ በመስታወት ቁምሳጥን ያረጀ ያልነው፣
አንድ ማታ፣ ለአንድ ሰው፣
ራት አብልቶ፣ ወይ ደብዳቤ አስነብቦ፣
ወይ ከሬሳ ጋር አድሮ ይሆናል።
ማን ያውቃል።

እኔ የተማርሁት ቅኔ፣ ሰሙ ከላይ ነው፣ ወርቁ ከታች ተቀብሮ፤
እዚህ ግን ወርቁ ከጠርዝ ያበራል፤
ሰሙ ነው ከሥር የቀረው፣ ምሥጢሩን ቋጥሮ።

ጣቷን በሦስት ቀን ሠራን። በአራተኛው መብራት ጠፋ፤
ሄቲ ሳትናገር ጉማጅ ሻማ ተከለች፤ ክብሪት ጫረች፤ ክፍሉ ሰፋ።
በግድግዳው ላይ ልጅቷ እጇን ዘረጋች፤
የትኛው ጣት የእኛ እንደሆነ
ጥላዋ አልነገረችም።

ቅዳሜ ሚስተር ዋድል በአጉሊ መነጽር ዙሪያዋን አያት፤ ጣቷን አደነቀ፤
የመሐሉን ጽዋ አይቶ ግን ጠየቀ፦
«ይሄ ቆሻሻስ?»
«ይቅር» አለች ሄቲ።

ደረሰኙን እኔ ነኝ የጻፍሁት፦
ለአንድ ጣት፣ ስልሳ ፓውንድ።
ለሰሙ፦
ባዶ ተውሁት።