ስምንተኛው ካሜራ

ከዳካር ነው የመጣሁት፣ ሽቦ ተሸክሜ፣
መሰላሌ በትከሻ፣ ሌሊቱን ሳልተኛ፣ ከነሙሉ ድካሜ።
የካቲት ነው። ነፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል፤
የተሰጣ ጨርቅ እንኳ ሳይጨመቅ ይደርቃል።
ካውላክ ስገባ ጠዋት፣ ጨው በአየር ሲበር፣
ፀሐይ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ታንኳኳ ነበር።

ማዳም ሶኽና በሩ ላይ ደብተሯን ዘርግታ፣
"ሌባ አለብኝ" አለችኝ፣ ዙሪያዋን ቃኝታ፤
"ሁለት ወር ሳይሞላ አርባ ኩንታል ጎድሎ!
ኦቾሎኒ እግር የለው፤
መዝጊያው እንደተዘጋ፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ውሎ።"
ዓይኗ ወደ ዘበኛው ሄደና ተመለሰ።
ላቲር አላየንም፤
ለውሻው በጣሳ ውሃ እያፈሰሰ።

አንዱን ከበሩ አናት፣ አንዱን ከአጥሩ ማዕዘን፣
ሁለቱን ወደ መንገድ፣ ሁለቱን ወደ ሚዛን፣
ሰባተኛውን ለጓሮ፤
ስምንተኛውን ከውስጥ፣ ሌት ተቀን እንዲያይ፣
ጆንያው ካበቃበት፣ ከፈሰሰው ክምር ላይ።
ኮድ ያለው አዲስ ቁልፍ፣ አዲስ መብራት ደማቅ፣
ቢነኩት የሚጮህ ደወል፣ ሰፈር የሚያስጨንቅ።
ላቲር መሰላሌን በሁለት እጁ ይዞ፣
ሲመለከት ቆየና አንገቱን መዝዞ፣
"ልጄ፣ ይኼ ዓይንህ ማሽተት ይችላል?" አለኝ።
ሳቅሁ። ቀልድ መሰለኝ።

በአራተኛው ቀን፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ስልኬ ጮኸ።
"ና! ና ሌባዬን እይ!"
ስክሪኑ ላይ፣ አመድማ፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ላቲር በጓሮው መስኮት ይገባል፣ ኮሽታም ሳያሰማ።
ኪሱን አልሞላም። ጆንያ አልነካም።
መንሽ አነሣ፤
የታቹን ወደ ላይ፣ የላዩን ወደ ታች፣
ክምሩን ሲያገላብጥ ጀርባው በላብ ራሰ፤
ጎንበስ ብሎ ከመሐል አንዲት ፍሬ መዘዘ፣
ሰብሮ አሸተታት፣ ቆመ፣ ተነፈሰ።
መስኮቱን ገርበብ አድርጎ በመጣበት ሄደ።
"አየህ? እየመረጠ ነው!" አለች፤ ፊቷ ነደደ።
እኔም አየሁ። ባዶ እጁን አየሁት።
የተከፈለኝ ግን ለዓይን ነው፤ አፌን ያዝኩት።

ቀትር ሳይሆን ተሰናበተ፤ ጥቅሉ ከአንድ እጅ አልበለጠ።
ውሻው እስከ አስፋልቱ ሸኘው፣
ከዚያ ሐሳቡን ለወጠ።
ያንን መስኮት በሚስማር የመታሁት እኔው ነኝ።
ስድስት ሚስማር። ቆጥሬዋለሁ።
ማንም አላዘዘኝ።

በሐምሌ ተጠራሁ፣ ሰማዩ ተቀዶ ሲወርድ።
የአምስት ወሩን ምስል ወደ ኋላ አየሁት፤
ከአንዲት ድመት በቀር ሌባ አላገኘሁት።
ከዚያ በሩ ተከፈተ።
ሽታው ቀድሞን ወጣ፤ እርጥብ ምንጣፍ፣ ያደረ ዓሣ፤
ክምሩ ጢም አብቅሏል፣ አረንጓዴ፣ ለስላሳ።
አንዱን ጆንያ ጎትተን ሚዛን ላይ ሰቀልነው።
አልጎደለም።
እንዲያውም ጨምሯል፤ ዝናቡን ጠጥቶ ነው።

ከዘይት ፋብሪካ የመጣው ገዢ፣ ንጎር የሚሉት ሰው፣
አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ፣ ደብተሩን አየው።
"ያቺን አርባ ኩንታል" አለ፣ ጣቱን ጠርጎ በሱሪው፣
"ደረቁ ነፋስ ጠጣት። ፍሬ ሲደርቅ ይቀላል፤
ሌላ ማን አለ ሌባው?"
ሶኽና ደብተሯን ዘጋች። የላቲርን ስም ማንም አላነሳም።
ፋቲክ ነው አሉ፣ ከልጁ ቤት፤
በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።
አልሄድኩም።

ማታ ሁሉም ሲተኛ፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣
የመታኋቸውን ሚስማሮች መዘዝኩ፣ በዝናብ በስብሼ።
አምስቱ እሺ አሉ። የስድስተኛው ራስ ተቆርጦ ቀረ፤
መዝጊያው ግማሹ ተፈትቶ፣ ግማሹ እንደታሰረ።

ሲነጋ ምስሉን ከፈትኩ፤ ስምንተኛው ይዞታል፤
እርጥብ ሰው፣ መዶሻ በእጁ፣ መስኮት ይፈለቅቃል።
ከባትሪው ብርሃን የተነሳ ፊቱ አይታይም።
ማንም ቢያየው ሌባ ይለዋል።
አላጠፋሁትም።